ምንጭ፣ ጉድጓድ ወይስ ኩሬ? በሰሜን ሸዋ የከርሰ ምድር ውሃን ለረጅም ጊዜ ለሚያቅዱ የንጽጽር መመሪያ

አክስቴ የምትኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ባሶና ወራና ወረዳ ውስጥ ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት ለመንደሯ የእጅ ፓምፕ ያለው ጉድጓድ ተሠራ። የተቆፈረው በጥቅምት ነበር። ስድስት ሜትር ላይ ውሃ ተገኘ፤ ዘጠኝ ሜትር ላይ ቁፋሮው ቆመ። ድፎ ተደፍቶ፣ ጠላ ተጠምቆ ተመረቀ። ግንቦት ሲገባ ፓምፑ አየር ብቻ ይስብ ጀመር። አክስቴም ጀሪካኗን ይዛ ወደ ድሮው ምንጭ ተመለሰች።

ፓምፑ አልተበላሸም ነበር። ጉድጓዱም አልተደረመሰም። የተሳሳተው ወሩ ነው። ክረምት እንደወጣ ሲቆፍሩ ውሃው ቅርብ ነው፤ ሁሌም እዚያው የሚቆይ ይመስላል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው እንዲህ ያለ ውሳኔ ለሚጠብቃቸው ሰዎች ነው። ለቀበሌ አመራር፣ ለውሃ ኮሚቴ አባላት (ብዙዎቻችን ዋሽኮ የምንላቸው)፣ በሞተር ለሚያጠጡ ገበሬዎች። አዲስ አበባ ሆነው ለትውልድ መንደራቸው ገንዘብ ለሚያሰባስቡም ጭምር። በስብሰባ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ጥልቅ ጉድጓድ ይሻላል ወይስ የእጅ ፓምፕ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ሁለተኛ መምጣት ያለበት ነው። ጉድጓድ ውሃ አይፈጥርም። መሬት ውስጥ ያለውን ያወጣል እንጂ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በየዓመቱ ስንት ይገባል፣ ስንት ይወጣል የሚለው ነው።

በምን እንመዝናቸው?

እኔ አምስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ በግንቦት መጨረሻ ስንት ይሰጣል? በመስከረም የማይሞላ ምንጭ የለም። ፈተናው በልጉ ሳይዘንብ ቀርቶ ክረምቱም ገና ሳይገባ ነው። ምንጭን መለካት ቀላል ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ከሚወርደው ውሃ ሥር ታስቀምጣላችሁ፣ በስልክ ሰዓት ትይዛላችሁ። በ40 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ማለት ነው። የሌሊቱን ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ካላችሁ በቀን 43,200 ሊትር ይሆናል። ያው ምንጭ በግንቦት ጀሪካኑን ለመሙላት 3 ደቂቃ ከፈጀበት ግን የሚሰጣችሁ 9,600 ሊትር ብቻ ነው። እቅድ የሚወጣው በዚህኛው ቁጥር ነው።

ሁለተኛ፣ የምንፈልገው ስንት ነው? በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅድ ለገጠር የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነበር። በዚህ ከሄድን 9,600 ሊትር ለ384 ሰው ይበቃል። መስኖ ሲመጣ ሒሳቡ ሌላ ይሆናል። አንድ ሄክታር ቀይ ሽንኩርት በበጋ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይጠጣል ብንል 50 ሜትር ኩብ ነው። 50,000 ሊትር። የ2,000 ሰው የቀን ውሃ። በቦይ ላይ የሚቀረውን ሳንጨምር ማለት ነው። ይህን ስሌት በስብሰባ ላይ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የከርሰ ምድር ውሃ በጀሪካን የሚያልቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

ሦስተኛ፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫው ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት ገበያ ይገኛል ወይስ አዲስ አበባ ድረስ ያስኬዳል? ገንዘቡስ ከየት ይወጣል? አራተኛ፣ ውሃው ይጠጣል ወይ? አምስተኛ፣ እኛ ስናወጣ ከታች ያለው ጎረቤት ምን ይሆናል?

የገባውን መቁጠር

ደብረ ብርሃን አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ወደ 900 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሄክታር መሬት ላይ 9,000 ሜትር ኩብ ማለት ነው። አብዛኛው በጎርፍ ይሄዳል፣ ይተናል፣ ሰብሉና ዛፉ ይጠጣዋል። ለምሳሌ ያህል ከመቶ 10 እጁ ወደ ታች ሰረገ እንበል። ከአንድ ሄክታር 900 ሜትር ኩብ ይሆናል።

አሁን ወጪውን ተመልከቱ። ያ አንድ ሄክታር ሽንኩርት በ100 ቀን 5,000 ሜትር ኩብ ይወስዳል። ለእሱ ብቻ ከ5 ሄክታር ተኩል በላይ የሆነ መሬት የሚያሰርገው ውሃ ያስፈልጋል። መቶኛው እንደ አፈሩና እንደ ቁልቁለቱ ይለያያል። በመረሬ (ውሃ በቀላሉ በማያሳልፍ ጥቁር አፈር) ሜዳ ላይ ያንሳል፤ በአሸዋና በጠጠር ላይ ይበዛል። የወረዳው ባለሙያ ለአካባቢያችሁ የሚሆነውን ግምት ይንገራችሁ። ግን 3 ሰው ሞተር ሲያስገባና 60 ሰው ሞተር ሲያስገባ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ከወዲሁ ይታያል።

የቆማችሁበት መሬት

ሰሜን ሸዋ አንድ አገር አይደለም። ለደጋው ለመንዝ የሠራው ለቆላው ለቀወት ላይሠራ ይችላል።

ደጋው፣ ከአንጎለላና ጠራ እስከ መንዝ፣ በአብዛኛው የጥንት እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ነው። ውሃው ያለው በድንጋዩ ስንጥቅ፣ በተበላው የላይኛው ክፍልና በንብርብሮቹ መካከል ነው። ስለዚህ አንዱ ጉድጓድ ውሃ ሲሰጥ 50 ሜትር ርቆ የተቆፈረው ደረቅ ሊሆን ይችላል። ንብርብሮቹ በሚገናኙበት ገደል ሥር ደግሞ ምንጭ ይፈልቃል።

ከጣርማ በር ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት፣ ጀውሃ፣ አጣዬ ስትደርሱ ነገሩ ይለወጣል። ሜዳው ከተራራው ታጥቦ የወረደ አሸዋ፣ ጠጠርና ደለል ነው። ውሃው ቅርብ ነው፣ ብዙም ይሰጣል። ለዚህ ነው ሽንኩርትና ማሾ የሚመረትበት አገር በሞተር ድምፅ የሚሞላው። ግን ሜዳው በሙሉ እንደ አንድ ጎተራ ነው። አንዱ ሲቀዳ የሁሉም ይጎድላል።

ሞረትና ጅሩ ሌላ ነው። መረሬው ዝናቡን ላዩ ላይ ይዞ ያስተኛዋል፤ ወደ ታች አያሳልፍም። ምንጃር ሸንኮራ ደግሞ ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚያዘነብል ነው። ውሃው ጥልቅ ነው፣ ፍሎራይድም ያሰጋል። መርሐቤቴና ሚዳ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች የተቆራረጡ ናቸው። ውሃው ከገደል ሥር፣ ሰዉ ከገደል አፋፍ።

የምንጭ ማጎልበት

ለደጋው ቀበሌ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ ወደ ምንጩ ነው የምወስደው። ዓይኑን በድንጋይና በሲሚንቶ መያዝ፣ ውሃውን በቧንቧ ማውጣት፣ ማጠራቀሚያና ቦኖ መሥራት፣ ከታች ለከብት ገንዳ ማዘጋጀት። ምንጩ ከመንደሩ በላይ ከሆነ ሞተርም ነዳጅም አያስፈልግም፤ ውሃው በራሱ ይወርዳል። ጥገናው ቀላል ነው። በየዓመቱ ስንት እንደሚሰጥ በጀሪካን ማወቅ ይቻላል።

ድክመቱ ከሚሰጠው በላይ ማስገደድ አለመቻሉ ነው። ምንጩ ከመንደሩ በታች ከሆነም ወይ ሰው ይወርዳል ወይ ፓምፕ ይገባል። ሌላ የምለምናችሁ ነገር አለ፤ ከምንጩ በላይ ያለውን መሬት እንደ ምንጩ አካል ቁጠሩት። ከብት እንዳይረግጠው አጥሩት። ባሕር ዛፍ አጠገቡ አትትከሉ። ባሕር ዛፍ በደጋው የብዙ ቤት ገቢ ነው፤ የሚተከልበት ሌላ ቦታ ግን አይጠፋም። ከበላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከሌለ ደግሞ በክረምት ድፍርሱ ገብቶ ልጆች ይታመማሉ።

በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድና የእጅ ፓምፕ

ይህ ለተበታተነ መንደር ይመቻል። ወጪው መካከለኛ ነው፤ የመንደሩ ሰው በጉልበቱ ያግዛል። እስከ 15 ወይም 20 ሜትር በእጅ ይቆፈራል። አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ እስከ 45 ሜትር ድረስ ስለሚስብ ለጥልቀቱ አያንስም።

ሦስት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። ቁፋሮው ከሚያዝያ እስከ ግንቦት ይሁን። ውሃ ካገኛችሁ በኋላ ደግሞ የሚገባውን እየቀዳችሁ የቻላችሁትን ያህል ሜትር ቀጥሉ። የአክስቴ ጉድጓድ የጎደለው ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ከመፀዳጃ ቤትና ከከብት በረት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከእነሱ በታች ባለ ቁልቁለት ላይም አይሁን። ሦስተኛ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ቀለበት ይያዝ፣ አፉ ይከደን፣ ዙሪያው ውሃ በማያስገባ ወለል ይሸፈን። ክፍት አፍ ያለው ጉድጓድ ባልዲው የነካውን ሁሉ ይጠጣል።

በሞተር ለሚያጠጡ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መሬት ላይ ቆሞ የሚስብ የቤንዚን ፓምፕ ውሃ ከ7 ሜትር ብዙም በማይበልጥ ጥልቀት ነው የሚያነሳው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ከዚያም ያንሳል። ውሃው ሲሸሽ ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ማስነሳት የሚሞክር ሰው አለ። እባካችሁ ተዉት። ጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ የሌለው መርዝ ሰው ይገድላል፤ ሊያወጣው የገባውንም ይጨምራል። ውሃው ከሞተሩ አቅም በታች ከሸሸ ያ ምልክት ነው። መፍትሔው መቅዳቱን ማቆምና የሚጠጣውን መሬት መቀነስ ነው።

ጥልቅ ጉድጓድ

ሰው ሁሉ የሚፈልገው ይህንን ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ያዳርሳል። አንድ ድርቅ ቶሎ አይነካውም። ለትንሽ ከተማ፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ አንዳንዴ ሌላ ምርጫም የለም። በሰከንድ 5 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 144 ሜትር ኩብ ያወጣል። በገጠር መለኪያ ለ5,760 ሰው።

ግን ከሁሉ ይልቅ መጠየቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ቁፋሮው ውድ ነው። ፓምፑ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ወይም ጄኔሬተሩ፣ ማጠራቀሚያው፣ ቧንቧው ሲጨመር ከቁፋሮው አያንስም። ፓምፕ የተቃጠለ ቀን ደግሞ ክሬንና ባለሙያ ይፈለጋል። በእጅ አይወጣም።

ከመቆፈሩ በፊት የከርሰ ምድር ጥናት ይሠራ። ከተቆፈረ በኋላ ቢያንስ ለ24 ሰዓት፣ ለከተማ ከሆነ ለ72 ሰዓት ያለማቋረጥ እየተሳበ ይፈተን። የቁፋሮውን ሪፖርት አንድ ቅጂ ቀበሌያችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ጥልቀቱ፣ ሳይሳብ ውሃው የቆመበት፣ ሲሳብ የወረደበት፣ የተገኘው የድንጋይ ዓይነት፣ የላቦራቶሪ ውጤት። ከ10 ዓመት በኋላ ፓምፕ ለመቀየር የሚመጣ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም እንደ አዲስ በግምት ይሠራል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ፓምፑ ሲገባ አጠገቡ ቀጭን ቧንቧ አብሮ ይውረድ በሉ። የውሃውን ከፍታ የምትለኩበት እሱ ነው። በዚያን ቀን ለማስገባት ወጪው ኢምንት ነው። ከተረሳ ግን ፓምፑ እስኪወጣ ድረስ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ማየት አይቻልም።

ስለ ፀሐይ ኃይልም ሰዎች ይጠይቁኛል። ሶላር ፓምፕ ጥሩ ነው። ነዳጅ ፍለጋ የለም፣ የወር ወጪው ይቀንሳል። ለመጠጥ ውሃ ከሆነ እደግፋለሁ። ለመስኖ ሲሆን ግን ልጓም ይዞ መምጣት አለበት። የናፍጣ ዋጋ ሰውን በግድ ይቆጥበው ነበር። ፀሐይ በነጻ ስትወጣ ማንም ማቆሚያ የለውም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይፈሳል። ቆጣሪና የቀን ገደብ ሳይኖር ሶላር ማደል ሜዳውን በጥቂት ዓመት ያደርቀዋል ብዬ እፈራለሁ።

ጥራቱን ሳትመረምሩ ቦኖ አትክፈቱ። በተለይ በምንጃርና ወደ ስምጥ ሸለቆው በሚወርዱ ቦታዎች። የፍሎራይድ ገደቡ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ ብዙ ሲያልፍና ሲቆይ አጥንት ይጎዳል። ማፍላት አይረዳም። ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል።

ኩሬና የጣሪያ ውሃ

ይህ የከርሰ ምድር ውሃ አይደለም። ግን የከርሰ ምድሩን ሸክም ስለሚያቀል እቅዱ ውስጥ መግባት አለበት። ምንጃር ሸንኮራ ውስጥ በፕላስቲክ ምንጣፍ የተነጠፈ የቤተሰብ ኩሬ ይዘው የሽንኩርት ችግኝ የሚያፈሉ ገበሬዎች አሉ። ብልህ ሥራ ነው። ችግኙ በኩሬ ውሃ ይደርሳል፣ ዝናቡ ሲጥል ማሳ ላይ ይተላለፋል።

የኩሬ ጠላት ፀሐይ ነው። በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተን በ100 ቀን ግማሽ ሜትር ነው። 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ሩቡን ያጣል። ስለዚህ ጠባብና ጥልቅ ይሻላል። አጥሩንም አትርሱ፤ ልጅና ከብት ይገባሉ።

የጣሪያ ውሃ ደግሞ እንዲህ ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ፣ 900 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ አምስተኛው ቢባክን 28,800 ሊትር ይሰበሰባል። የሚያንሰው ዝናቡ ሳይሆን ታንከሩ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በ25 ሊትር ሒሳብ 5,000 ሊትር ታንከር ለ40 ቀን ይበቃዋል። ለመጠጥና ለወጥ ብቻ ከያዘው ይረዝማል።

የተፋሰስ ሥራ

እርከን፣ ትሬንች (ጎርፍ ይዞ የሚያሰርግ ጉድባ)፣ ክትር (ውሃ የሚያግት ትንሽ ግድብ)፣ ከንክኪ ነፃ የሆነ ተራራ። ይህ ከሌሎቹ ጋር የሚወዳደር አማራጭ አይደለም። ለሌሎቹ ቀለብ የሚያቀርበው እሱ ነው። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሰው በነቂስ ወጥቶ ይቆፍራል። የሚቆጨኝ ቦታው በውሃ ሒሳብ አለመመረጡ ነው። ከምንጩ ወይም ከጉድጓዱ በላይ ያለው ቁልቁለት ቀርቶ ለመንገድ የቀረበው ጋራ ይቆፈራል። መረሬ ሜዳ ላይ ትሬንች ብትቆፍሩ ውሃው ተኝቶ ይቀራል እንጂ አይሰርግም። በቆላው የደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚሠራ ክትር ግን ብዙ ውሃ አሸዋው ውስጥ ያቆያል። ደለል የሞላው ትሬንች በየዓመቱ ካልተጠረገ ከሁለት ክረምት በኋላ የለም ማለት ነው።

ውጤቱ ይዘገያል። በመጀመሪያው ዓመት ምንጩ ካልጨመረ ብላችሁ አትተዉት።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | መነሻ ወጪ | ጥገና | በግንቦት | የሚስማማው | ዋናው ስጋት |
|---|---|---|---|---|---|
| የምንጭ ማጎልበት | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ቀላል፣ በመንደሩ አቅም | ምንጩን ለክቶ ይታወቃል | ደጋ፣ ገደል ሥር | የበላዩ መሬት መራቆት |
| የእጅ ጉድጓድና ፓምፕ | መካከለኛ | መለዋወጫ ከተገኘ ቀላል | በሚያዝያ ወይም በግንቦት ከተቆፈረ ደህና | የተበታተነ መንደር | መድረቅ፣ የመፀዳጃ ብክለት |
| ጥልቅ ጉድጓድ | ከፍተኛ | ባለሙያና ክሬን | ጥሩ፣ ከተፈተነ | ትንሽ ከተማ፣ ብዙ ሕዝብ | ከልክ በላይ መሳብ፣ ፍሎራይድ |
| ኩሬና ጣሪያ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | በቤተሰብ | ውሱን | ምንጃር፣ ጅሩ፣ ትምህርት ቤት | ትነት፣ የልጆች ደህንነት |
| የተፋሰስ ሥራ | ጉልበት | በየዓመቱ ጠረጋ | ሌሎቹን ያግዛል | ከምንጭና ከጉድጓድ በላይ | ቦታ ሳይመርጡ መቆፈር |

ማን ያስተዳድረው?

ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት የአገሪቱ ውሃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው። ለቤት የሚውል ውሃ ከማንኛውም አገልግሎት ይቀድማል። በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድና ለባህላዊ መስኖ ፈቃድ አያስፈልግም። በማሽን ለመቆፈርና ለትልልቅ አጠቃቀም ግን ያስፈልጋል። የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር የሚቋቋምበት አዋጅም አለ፤ ቁጥር 841/2006።

ችግሩ ያለው መሐል ላይ ነው። እያንዳንዱ የእጅ ጉድጓድ ፈቃድ አይጠይቅም። ሜዳው ላይ ግን መቶ ሲሆኑ የአንድ ትልቅ ጉድጓድ ያህል ያወጣሉ። ያንን የሚያየው ሕጉ ሳይሆን ጎረቤት ነው። ስለዚህ ሦስት መንገድ አለ። ሁሉም በየፊናው እንዲያወጣ መተው፤ ይህ ባለ አቅሙን ይጠቅማል፣ የድሃው ጉድጓድ መጀመሪያ ይደርቃል። ለዋሽኮ መስጠት፤ ለመጠጥ ውሃ ይበቃል፣ ሞተር ያለውን ገበሬ ግን ማዘዝ አይችልም። ወይም ሞተር ያላቸው ሁሉ የታቀፉበት፣ መተዳደሪያ ደንብ ያለው ማኅበር። ለቀወትና ለኤፍራታና ግድም ሜዳ (ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላሉበት) እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው።

ይህ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በወንዝ መስኖ ተራ የሚያስጠብቀው የውሃ አባት ይታወቃል። መንዝ ውስጥ የጓሳን ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አባቶች በስምምነት ለዓመታት እየዘጉ፣ ሲደርስ እየከፈቱ ጠብቀውታል። ያ ሥርዓት የፈረሰው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው፤ ከዚያም ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ለሚታየው ሣር የተደረገው ለማይታየው ውሃም ይቻላል። የማይታየውን እንዲታይ ማድረግ ብቻ ነው የሚቀረው።

ይህ የሚሆነው በመለካት ነው። በየቀበሌው ሦስት ወይም አራት ጉድጓድ ምረጡ። ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ሜትር ይበቃል። ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማለዳ ማንም ሳይቀዳ፣ ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ያለውን ለኩና በደብተር ጻፉ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ውሃው ወርዷል ማለት ነው። ዝናቡንም ግድግዳው ቀጥ ባለ ጣሳ ለኩ። አንዱን ወር ከሌላው ወር ጋር አታወዳድሩ፤ መስከረምን ከመስከረም፣ ግንቦትን ከግንቦት እንጂ። አንድ ዓመት ቢወርድ ዝናቡ አንሶ ይሆናል። ዝናቡ ደህና ሆኖ መስከረም ላይ ያለው ከፍታ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ከወረደ ግን የምታወጡት ከሚገባው በልጧል። ያን ጊዜ አዲስ ሞተር አይግባ።

ደንቡ ውስጥ የሚገባው ቃልም ከዚህ ይነሳል። በታኅሣሥ የተለካው ከፍታ ይህን ያህል ከሆነ እያንዳንዱ አባል ይህን ያህል ጥማድ ያጠጣል፤ ከዚህ በታች ከወረደ ግማሹን ብቻ፤ ከዚያም በታች ከሆነ ለመጠጥና ለከብት ብቻ። ዘሩ ከመዘራቱ በፊት መወሰኑ ነው ቁም ነገሩ። የደረሰ ሽንኩርት ላይ ውሃ ይቁም የሚል ሰው ጠብ ያስነሳል።

ለማን የትኛው?

በደጋው 60 ቤት ያለው መንደር ከሆናችሁና ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ፦ ምንጩን ዘንድሮ በግንቦት ለኩ። ከበቃ አጎልብቱት፣ ከበላዩ ያለውን መሬት ከልሉ። ካልበቃ አንድ የእጅ ጉድጓድ ጨምሩበት። ለሁለት ጉድጓድ የሚሆን ገንዘብ ከተገኘ እኔ ብሆን አንዱን ጉድጓድ በደንብ ሠርቼ የቀረውን ለመለዋወጫ በባንክ አስቀምጥ ነበር።

በቆላው ሜዳ በሞተር የምታጠጡ፦ ገንዘባችሁን ሌላ ጉድጓድ ላይ አታውሉት። ማኅበሩ፣ ሜትሩና ደብተሩ ይቅደሙ። ቀጥሎ ከቦይ ወደ ቧንቧ መቀየር። ከዚያ አቅም ካለ ከተራራው በሚወርዱት ወንዞች ላይ የማስረጊያ ክትር።

ምንጃር ከሆናችሁ ለመጠጥ የተመረመረ ጥልቅ ጉድጓድ፣ ለችግኝ ኩሬ። ሁለቱን አታቀላቅሉ። ጅሩ ላይ መረሬው ውሃ ስለሚይዝ ኩሬ ይሠራል፤ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ግን ምንጣፍ አድርጉበት። መርሐቤቴና ሚዳ ላይ ከገደል ሥር ያለ ምንጭ ጎልብቶ በሶላር ወደ ላይ ቢገፋ፣ አፋፍ ላይ በዕድል ከሚቆፈር ጥልቅ ጉድጓድ ይልቅ እመርጠዋለሁ።

የሚያድግ ከተማ ያላችሁ ደግሞ፣ የጉድጓዶቹን አካባቢ ዛሬውኑ በማስተር ፕላን ከልሉ። ነዳጅ ማደያ፣ ቄራና ፋብሪካ ከላዩ ከተቀመጠ በኋላ ጉድጓዱን ማዳን አይቻልም። ደብረ ብርሃን በኢንዱስትሪ በፍጥነት እያደገች ስለሆነ ይህ ለእሷ የነገ ጉዳይ አይደለም።

ከውጭም ከአዲስ አበባም ገንዘብ የምትልኩ ወገኖች፣ ከምረቃው ፎቶ ጋር የግንቦት ልኬት ይላክልን በሉ።

የአክስቴ መንደር ሰዎች በኋላ ጉድጓዱን ራሳቸው በሚያዝያ አጠለቁት። አሁን 13 ሜትር ነው። ልኬቱን የምትይዘው አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ደብተሩ ከፓምፑ ቁልፍ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ባለፈው ግንቦት መጨረሻ የጻፈችው ከአፉ እስከ ውሃው 10 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ይላል።